ስለት ስለ መያዝና ስለ ሕጉ፤ ለቤተ ሰብ የተጻፈ ምክር



ቢላዋ የሌለበት ቤት የለም። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፥ ሥጋው የሚዘለዘለው፥ እንግዳውም የሚከበረው በቢላዋ ነው። ስለዚህ ስለ ቢላዋ ሕግ እጽፋለሁ ብል ከአንባቢዎቼ አንዳንዱ «ይህ ሰው የሚጽፈው ቢያጣ ወጥ ቤት ገባ» ብሎ ይስቅብኝ ይሆናል። ነገር ግን እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ የምጽፍ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ትናንት በወጥ ቤት የነበረው ቢላዋ ዛሬ ቁጥር ተጽፎበት በኤግዚቢት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመትም ነገሩ ከመዝገብ ወጥቶ ወደ ገዛ ቤቴ ገባ። ያየሁትንና የተማርሁትን ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድሩ ሁሉ ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለ ታየኝ ይህን ጻፍሁ።

የምኖርበት ከተማ ከሚሴ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገብዋ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አለ፤ በበጋ ወራት ከብት አርቢው ከሩቅ አገር ሳይቀር መንጋውን እየነዳ ይወርድበታል። እሑድ የሰንበቴ ገበያ፥ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ይቆማል። በእነዚህ ገበያዎች ኦሮሞው፥ አማራው፥ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛል። ስለትም በየዓይነቱ አብሮ ይገናኛል፤ የአፋሩ ጊሌ በወገቡ፥ የገበሬው ማጭድ በትከሻው፥ የሸንኮራ ሻጩ ቢላዋ በእጁ፥ የሥጋ ሻጩ ካራ በጠረጴዛው ላይ ይታያል። በየቤታችንም ቢሆን እስላሙና ክርስቲያኑ ተጠራርቶ በሚበላበት ድግስ፥ እያንዳንዱ በየሥርዓቱ የሚያርድበት ካራ ለየብቻው ተስሎ ይቀመጣል። እንግዲህ በኛ አገር ስለት የኑሮ ዕቃ፥ የእንግድነት ዕቃ፥ ለአንዳንዱም የወንድነት ጌጥ ነው እንጂ ከመጀመሪያው የክፋት ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፥ አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ወትሮ ቡና አፍልታ «እንደምን ዋልህ» የምትለኝ ሴት ያን ቀን ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ከመሶቡ ሥር አንድ ጨርቅ አውጥታ ፈታችው። በውስጡ የሚታጠፍ ሰንጢ ነበረ። የልጁን ሱሪ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ያገኘችው ነው። «ይህ ሽንኩርት መላጫ አይደለም፤ አንተ ሕግ ታውቃለህና ምን እንደምናደርግ ንገረኝ» አለችኝ።

ልጁን ጠራሁት። «ከየት አመጣኸው?» አልሁት። «ከሰንበቴ ገበያ ገዛሁት፥ አባዬ» አለኝ። «ለምን?» ብለው አንገቱን ደፋ። ብዙ ቆይቶ «ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ልጅ በመንገድ ይጠብቀኛል። ሁለት ጊዜ ደብተሬን ቀማኝ፤ ጓደኞቹ እያዩ ሰደበኝ። እኔ ልወጋው አይደለም፤ ሲያየው እንዲሸሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ቃል ስሰማ እጄ ባለበት ቆመ። «ሲያየው እንዲሸሽ ብዬ ነው» የሚለውን ነገር እኔ ራሴ በተከሳሾች ቃል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አስታወስሁ። ያን ቃል የሰጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ እንደ ልጄ የፈሩ ነበሩ።

ሁለተኛም የገዛ ታሪኬ ትዝ አለኝ። እኔ ፊደል የቈጠርሁት፥ ዳዊት የደገምሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የኔታ መቃ ቀርጸን ብርዕ እንድናወጣ ያስተምሩን ስለ ነበረ ለያንዳንዳችን ትንሽ ካራ ነበረን። የኔታ ካራውን ለተማሪ ሲሰጡ ስለቱን ወደ ራሳቸው፥ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙረው ነበር፤ እኛም ስንመልስላቸው እንዲሁ እንድናደርግ ያስገድዱን ነበር። በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ያችን ካራ በኪሴ ይዤ ሄድሁ። አስተማሪው አይቶ ወሰዳት። «የጽሕፈት ዕቃ ናት» ብዬ ብከራከር «እዚህ የምንጽፈው በእርሳስ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለአባትህ እሰጣታለሁ» ብሎ በሣጥኑ ቈለፈባት። እጅግ ተበሳጨሁ፤ በአንዱ ቤት የተፈቀደልኝ በሌላው ቤት ለምን ይከለከላል ብዬ ግፍ አድርጌ ቈጠርሁት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋቢ ጠፋበትና «የወሰድኸው አንተ ነህ» አለኝ። በተማሪ ሁሉ ፊት እናቴን ጨምሮ ሰደበኝ። ዓይኔ ጨለመ፤ እጄም ሳላዘው ወደ ኪሴ ገባ። ኪሴ ባዶ ነበረ። በቡጢ ተማታን፤ እኔ የፊት ጥርሴን ተሸረፍሁ፥ እርሱም ፊቱ አበጠ፤ በማግሥቱ ሽማግሌ አስታረቀን። ጋቢውም በሦስተኛው ቀን ከሌላ አልጋ ላይ ተገኘ። ያ ሰው ዛሬ የዚሁ የልጄ የክርስትና አባት ነው። ያን ቀን ካራዋ በኪሴ ብትኖር ኖሮ፥ እርሱ ከመቃብር እኔም ከእሥር ቤት እንሆን ነበር እንጂ፥ ዛሬ እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ አልቀመጥም ነበር። ይህን ነገር እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለማንም፥ ለባለቤቴም እንኳ፥ ነግሬ አላውቅም ነበር። ለልጄ ነገርሁት።

ከዚያ በኋላ የወንጀል ሕጉን አወጣሁና አብረን አነበብን። ይህ ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካ ነው። ለልጄ ያስረዳሁትን ለአንባቢዎቼም ባጭሩ እነሆ።

መጀመሪያ፥ በቤት መያዝ። ጠመንጃና ሽጉጥ ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው፤ የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይህን ይደነግጋል። ለወጥ ቤት ቢላዋ ወይም ለማጭድ ግን ፈቃድ ሲወጣ አላየሁም። ሕጉ በዋናው የሚመረምረው የሰውየውን አሳብና አድራጎት ነው። በአንቀጽ 26 እንደ ተጻፈው አንድ ሰው ወንጀል ለመሥራት መሰናዳቱ ብቻ፥ መሰናዳቱ ራሱ ወንጀል ተብሎ ካልተደነገገ በቀር፥ አያስቀጣም። ነገር ግን ከመሰናዳት አልፎ መሥራት ከጀመረ ሙከራ ነውና ይቀጣል። በመሰናዳትና በሙከራ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ስለት በኪሱ ላለ ሰው እጅግ አጭር ነው።

ሁለተኛ፥ ይዞ መሄድ። ይህ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ይለያያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ለሰው ሁሉ የመሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግን መብት ሲሰጥ መሣሪያ ሳይይዝ መሆን እንዳለበት አብሮ ጽፏል። ከመስከረም እስከ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ጸንቶ በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ጊዜ፥ ስለታም ነገር ይዞ ሕዝብ ወደ ተሰበሰበበት ቦታ መሄድ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ትናንት ማንም ያልጠየቀው ቢላዋ በሌላ ቀን ሊያስይዝ ይችላል። «አላወቅሁም» ማለትም አያድንም፤ ሕግን አለማወቅ ከኃላፊነት እንደማያወጣ በአንቀጽ 81 ተጽፏል።

ሦስተኛ፥ ማሳየትና ማስፈራራት። ልጄ «እንዲሸሽ ብዬ ነው» ያለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ሰውን በከባድ ጉዳት አስፈራርቶ ማስደንገጥ፥ ሳይነካው እንኳ፥ በአንቀጽ 580 መሠረት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

አራተኛ፥ መውጋት። ልጄን እጅግ ያስደነቀው ይህ ነው። ቀላል የአካል ጉዳት በቡጢ ወይም በጥፊ ሲደርስ ጉዳዩ በመሠረቱ በግል ተበዳዩ አቤቱታ የሚንቀሳቀስ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በስለት ወይም ጉዳት ለማድረስ በሚችል በሌላ መሣሪያ ከሆነ ግን በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ይሆናል፤ ክሱም ከተበዳዩ እጅ ወጥቶ በመንግሥት እጅ ይገባል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያደርሳል። ሰው ከሞተ ደግሞ ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ በጭካኔ ወይም አስቀድሞ ታስቦበት የተደረገ ከሆነ እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ይደርሳል።

«ራሴን ለመከላከል ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልካም ጥያቄ ነው። አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ከሕግ ውጪ የሆነና ወዲያው የሚደርስ፥ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይችል፥ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ደብተር ለቀማ ልጅ ሰንጢ መምዘዝ ምጥን አይደለም፤ በሌላ መንገድ ማምለጥም ለአስተማሪ መንገርም ይቻላልና። «እኔ ልጅ ነኝ» ማለትም ብዙ አያስጥልም። ለወጣት ጥፋተኞች የተለየው ሥርዓት ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ነው፤ 15 ዓመት ካለፈው በኋላ፥ ዳኛው ለዕድሜው አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፥ በአዋቂ ሕግ ይዳኛል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ በመዝገብ ካየሁት አንድ ልናገር። ስምና ጊዜ አልጠራም። አንድ ሸንኮራ አገዳ ሻጭ ወጣት ከአንድ ገዢ ጋራ ስለ ጥቂት ብር መልስ ተጣላ። ሸንኮራ ሲልጥበት የነበረው ቢላዋ በእጁ ስለ ነበረ ሲገፈትሩት ሰነዘረ፤ የሰውየው መዳፍ ተቈረጠ። ቢላዋውን ለመውጋት አልያዘውም፤ ለሥራው ነበር የያዘው። ሽማግሌ ገባ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦች አብረው በሉ። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ባላጋራዎች ጐን ለጐን ተቀምጠው እየተጫወቱ ሳሉ ተጠሩ። ተበዳዩ «እኔ ታርቄያለሁ፤ ይቅርልኝ» ቢል ክሱ የርሱ አልነበረምና አልተዘጋም። ዕርቁና ካሣው ቅጣቱን አቀለለለት እንጂ እሥራቱን አላስቀረለትም። የወጣቱ እናት ወደ እኔ መስኮት መጥታ «ልጄ፥ ከታረቁ በኋላ የሚከሰው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መንግሥት ነው፥ እናቴ» አልኋት። «መንግሥትን ምን አደረገው?» አለችኝ። ያን ጊዜ የምመልስላት አጣሁ።

ዛሬ ብትጠይቀኝ እንዲህ እላት ነበር። በአገራችን በወሎ አበጋር የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ፤ ደም የተቃቡትን ሳይቀር አስታርቆ ያበላል። ይህ ታላቅ ሀብታችን ነውና ልንጠብቀው ይገባናል። ዕርቅ ግን የተጣሉትን ሁለቱን ያገናኛል፤ ሕጉ የሚመለከተው ደግሞ ነገ በዚያው ገበያ የሚቆመውን ሦስተኛውን ሰው ነው። ይህ አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሳለ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ፥ ዱላውን ያነሣው ሰው እንዲቆም ግድ ነበረበት፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ቋጥረው ያለ ፖሊስ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጠቡ የሁለት ሰዎች ቢሆንም ሰላሙ የሁሉ መሆኑን ያውቁ ነበርና። ኦሪትም ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው፥ አድብቶ ከገደለው ለይታ መማጸኛ ከተማ ሰጥታዋለች፤ በአሳብና በቸልተኝነት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል የቈየ ነው።

በሌላው ዓለምም ይህ ነገር ታስቦበታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ ማንም ሰው ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ በአደባባይ ቢገኝ፥ ማንንም ባያስፈራራ እንኳ፥ ይቀጣል፤ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ የሚታጠፍ ሰንጢ ግን ተትቷል። ለሥራው፥ ለሃይማኖቱ ወይም ለብሔራዊ ልብሱ የያዘም ምክንያቱን አስረድቶ ይድናል። በአሜሪካ ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ ሕግ ስላለው በአንዱ ግዛት የተፈቀደ ሰንጢ ድንበሩን ሲሻገሩ ክልክል ሊሆን ይችላል። በኛ አገር የወንጀል ሕግ የሚያወጣው፥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ማውጣት የሚችሉት የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከአፋር መጥቶ ባቲ ገበያ የሚገባውም ሰው፥ ከከሚሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄደውም ሰው፥ ቢወጋ የሚጠየቀው በአንድ ሕግ ነው።

በማግሥቱ ጧት ለጎረቤቴ፥ ለሰፈራችን የተከበሩ ኦሮሞ ሽማግሌ ሼኽ፥ ነገሩን አማከርኋቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ተነሥ እንሂድ» አሉኝ። ልጄን ይዘን ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድን። አባቱ በደስታ ተቀበለን፤ የመጣንበትንም ስንነግረው ደነገጠና ልጁን ጠርቶ ቦርሳውን እንዲያመጣ አዘዘው። ከቦርሳው ሥር፥ በደብተር መካከል፥ የእናቱ የወጥ ቤት ቢላዋ ተጠቅልሎ ተገኘ። «ለምን ያዝኸው?» ቢባል፥ ልጁ ወደ ልጄ እያየ «እርሱ ሰንጢ ገዛ ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ» አለ። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቢላዋዬን ሳምንት ሙሉ ስፈልገው!» ብላ ፊትዋን ሸፈነች።

ሁላችንም ዝም አልን። ሁለት ልጆች እርስ በርሳቸው ተፈራርተው፥ ሁለቱም «እንዲሸሽ» ብለው፥ በአንድ መንገድ ላይ ስለት ይዘው ለአንድ ሳምንት ተላልፈዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞ ቢያወጣ ሌላው አይሸሽም ነበር። ሼኹም «ልጆቼ፥ ፍርሃት ነውር አይደለም፤ ፍርሃታችሁን ለአባታችሁ ንገሩ እንጂ ለብረት አትንገሩ» አሏቸውና ዱዓ አድርገው አስታረቋቸው። የተቀማውም ደብተር ተመለሰ።

ሰንጢውን በመጻፊያ ጠረጴዛዬ ሣጥን ቈልፌበታለሁ፤ ልጄ ትምህርቱን ሲጨርስ እሰጠዋለሁ ብዬዋለሁ። በዚያች ደቂቃ የሚሲዮኑን አስተማሪ አስታወስሁና፥ ግፍ ሠራብኝ ያልሁትን ሰው በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንግዲህ ቤተ ሰብ የምታስተዳድሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ ነገር ያገኘሁትን ምክር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የልጃችሁን ኪስ ከመፈተሽ አስቀድማችሁ ፍርሃቱን መርምሩ፤ ስለት የሚይዝ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለወላጁ ያልነገረው ነገር አለና።

ሁለተኛ፥ የቤታችሁ ቢላዋ ቁጥሩና ቦታው የታወቀ ይሁን፤ ከቦታው የጠፋ ቢላዋ በዚያው ቀን ይፈለግ።

ሦስተኛ፥ ስለት ለሥራ ይዞ የሚሄድ ሰው ጠቅልሎ ይያዘው፥ ሥራውንም ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይመልሰው፤ ወደ ጉባኤ፥ ወደ መጠጥ ቤትና ወደ ተጣላው ሰው ይዞት አይሂድ።

አራተኛ፥ ከተጣላችሁት ሰው ጋራ የምትታረቁት ደም ሳይፈስ ይሁን፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዕርቁ የናንተ ቢሆንም ፍርዱ የመንግሥት ነውና።

አምስተኛ፥ ስለት ለሰው ስትሰጡ የኔታ እንዳስተማሩን እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙራችሁ ስጡ፤ ለልጆቻችሁም ይህን ከፊደል ጋር አስተምሩ።

እኔ በዕለት ሥራዬ የሌሎችን ልጆች ስም በመዝገብ እጽፋለሁ። የልጄን ስም እንዳልጽፍ ያተረፈኝ፥ ባለቤቴ ሱሪ ከማጠብዋ በፊት ኪስ የመፈተሽ ልማድዋ ነው። እግዚአብሔር የሁላችሁንም ቤት በሰላም ይጠብቅ።